ከክንድ የማይርቅ ምላጭ

ማለዳ በመንዝ የዘመሮ መናኸሪያ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ተሳፋሪው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል፤ በዕድሜ የገፉት በርኖሳቸውን ደርበው የፀሐይዋን መውጣት ይጠብቃሉ። ረዳቱ ፖርቶመጋላው ላይ ወጥቶ ኬሻውንና ጀሪካኑን ያመቻቻል፤ እግራቸው የታሰረ በጎችን ከጎኑ አጋድሞ በገመድ ይጠፍራል። ከታች ሌላው «ደብረ ብርሃን የሞላ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። የቀረው ግን አንድ ሰው አይደለም፤ ወንበሩ ገና በግማሹ ባዶ ነው።

በመጨረሻ መኪናው ይሞላል። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት አማትበው «በሰላም ያግባን» ይላሉ፤ ሁሉም «አሜን» ይላል። ሾፌሩ ስፖኪዮው ላይ ያንጠለጠለውን መቁጠሪያ ዳሰስ አድርጎ ሞተሩን ያስነሳል። በግራ ትከሻው በኩል ያለውን የደህንነት ቀበቶ ግን አይነካውም። ከፊት ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ሳብ አድርጎ ደረቱ ላይ ጣል ያደርገዋል፤ ፖሊሱን እንዳለፈ ይለቀዋል። ቀበቶው የሚታሰበው ለቅጣት እንጂ ለአደጋ አይደለም።

ይህ ዘመሮ ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም። መሐል ሜዳም፣ ሞላሌም፣ ዓለም ከተማም፣ አዲስ አበባም ያው ነው። ሾፌሩን «ለምን አታስርም?» ብትሉት ልማዱን፣ የመንገዱን አጭርነት፣ ትከሻ መቆርቆሩን ይዘረዝራል። ጨዋታው ሲጠና ዋናው ምክንያት ይወጣል፤ መኪናው ቢገለበጥ ወይም ቢቃጠል ታስሬ እቀራለሁ ብሎ ይፈራል። ይህ ፍርሃት ከንቱ ነው ብሎ ማጣጣል ቀላል ነው፤ ግን ሾፌሩን አያሳምነውም። የሚሻለው ለፍርሃቱ መልስ መስጠት ነው።

መልሱ ከመዳፍ የማይበልጥ መንጠቆ ነው፤ በመንጠቆው ጉሮሮ ውስጥ ስለታም ምላጭ ተቀብሯል። ስሙ የቀበቶ መቁረጫ ይባላል። ብዙውን ጊዜ በሌላው ጫፉ መስታወት የሚሰብር ሹል ብረት አለው። ታስሮ የተቀመጠ ሰው ባለበት ሆኖ እጁ ከደረሰበት፣ «ታስሬ እቀራለሁ» የሚለውን ሰበብ ያስቀረዋል። እጁ ካልደረሰበት ግን መኪናው ውስጥ መኖሩ ምንም አይፈይድም።

ገደል አፋፍ የሚሄድ መንገድ

መንዝን የሚያውቅ ሰው መንገዱን ያውቃል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ከምትርቀው ደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን የሚነዳ ሰው ጣርማበር ይደርሳል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ሰርስሮ የሠራው ዋሻ የደሴውን መንገድ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይሰደዋል። ወደ መንዝ የሚሄደው ደግሞ ደጋውን ሳይለቅ ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ ይቀጥላል። እዚያ ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 3 ሺህ ሜትርን ያልፋል። ጉም ሲወርድ የፊት መብራት ከኮፈኑ ብዙም አያልፍም። ደጋው ሲያልቅ ቁልቁለቱ ይመጣል፤ መሬቱ ወደ ጀማ፣ ወደ ወንጪትና ወደ ሞፈር ውሃ ሸለቆዎች ይናዳል። ከመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝም የጀማን በረሃ ወርዶ መውጣት አለበት።

እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ሰው አብዝቶ የሚፈራው መገልበጥን ነው፤ ፍርሃቱም ምክንያት አለው። በመጋቢት 2010 ዓ.ም በደቡብ ወሎ ዞን ለጋምቦ ወረዳ አንድ አውቶብስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሞተዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2018 ባወጣው የመንገድ ደህንነት ዘገባ መሠረት ኢትዮጵያ በ2016 (እ.ኤ.አ.) 4,352 ሰዎች በመኪና አደጋ መሞታቸውን አስመዝግባለች። ድርጅቱ በራሱ ስሌት የገመተው ቁጥር ግን ከ27 ሺህ በላይ ነው። ይህ ሁሉ ልዩነት የመጣው ቆጠራው ስለሚሳሳ ነው። ገጠር ላይ የተጎዳ ሰው ከቀናት በኋላ ቤቱ ሲያርፍ በፖሊስ መዝገብ ላይ የማይሰፍርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሃያ ኩንታል የሚችል ጨርቅ

ዛሬ መኪናችን ውስጥ ያለውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ የሠራው ኒልስ ቦህሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ነው። ቦህሊን ወደ ቮልቮ ከመምጣቱ በፊት ሳብ በተባለው ኩባንያ አብራሪን ከአውሮፕላን አስፈንጥሮ የሚያወጣ ወንበር ይነድፍ ነበር። ቮልቮ ቀበቶውን በፈረንጆቹ 1959 መኪናዎቹ ላይ ገጠመ፤ ሌሎች አምራቾችም እንዲጠቀሙበት የፈጠራ መብቱን ክፍት አደረገው። ከስምንት ዓመት በኋላ ኩባንያው በስዊድን የደረሱ 28 ሺህ አደጋዎችን መርምሮ ውጤቱን አወጣ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ እስኪደርስ ባለው ፍጥነት ቀበቶ ካሰሩት መካከል የሞተ አልተገኘም፤ ካላሰሩት ግን በዝግታ ሲሄዱም የሞቱ ነበሩ።

ጨርቁ የተሸመነው ከፖሊስተር ነው፤ ስፋቱ አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የአሜሪካ ደረጃ ለባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ የወገብ ጨርቅ የሚጠይቀው ጥንካሬ ከ22 ሺህ ኒውተን በላይ ነው። በእኛ አነጋገር ከ22 ኩንታል በላይ ቢንጠለጠልበት መበጠስ የለበትም። ስለዚህ ቀበቶ በጉልበት የሚበጠስ ነገር አይደለም።

ጨርቁ የሚጠቀለልበት ቤት ምሰሶው ውስጥ ተደብቋል። ቀስ ብላችሁ ስትስቡት ይለቃል፤ ድንገት ስትስቡት ወይም መኪናው ሲያዘነብል ይነክሳል። አዳዲስ መኪናዎች ላይ ግጭቱ እንደተሰማው ቀበቶውን በቅጽበት ወደ ኋላ የሚያጠብቅ ተቀጣጣይ መሣሪያም አለ። ከአደጋ በኋላ ቀበቶው ሰውነት ላይ ጥብቅ ብሎ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። የተገለበጠ መኪና ውስጥ ደግሞ የሰውዬው ክብደት ራሱ ቀበቶው ላይ ይንጠለጠላል።

ያም ሆኖ መቆለፊያው አብዛኛውን ጊዜ ይከፈታል። የአውሮፓው ደረጃ ከግጭት ሙከራ በኋላ መቆለፊያው ከ60 ኒውተን ባልበለጠ ግፊት እንዲከፈት ያዛል፤ ይህም 6 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሞከረው ቀዩ ቁልፍ ነው። አንድ እጅ ጣሪያውን ተደግፎ ክብደቱን ቢቀንስለት ቁልፉ ይበልጥ ይቀላል።

ምላጩ የሚያስፈልገው ይህ ሁሉ ሲያቅት ነው። የወንበሩ ጎን ተጨፍልቆ ቁልፉ ተቀብሮ ሊሆን ይችላል፤ ክንድ ተሰብሮ ወይም ጣት ደንዝዞ ሊሆን ይችላል፤ ጭቃና ስባሪ ገብቶበትም ሊሆን ይችላል። ከኋላ ወንበር የተቀመጠች እናት ከራሷ ቀበቶ በፊት የልጇን መፍታት ይኖርባት ይሆናል። እነዚህ አጋጣሚዎች ጥቂት ናቸው። ሲመጡ ግን ጊዜ አይሰጡም፤ ቤንዚን የሚሸትበት መኪና ውስጥ ቁልፍ ሲታገሉ መቆየት አይቻልም።

መቁረጫውን በእጅ ይዞ

አንድ የተጣለ ቀበቶ ከጋራዥ ፈልጉ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ሶማሌ ተራ ከመኪና ዕቃ ሻጮች ዘንድ አይጠፋም፤ ዘመሮ ከሆናችሁም አደጋ የደረሰበት መኪና የቆመበት ግቢ አለ። ጫፉን ምሰሶ ላይ አስራችሁ ወጥሩትና በሰንጢ ሞክሩ። ሰንጢው በመጀመሪያ ይንሸራተታል፤ ጨርቁ ጠርዙ ላይ ይሰነጠቅና መሐል ላይ እምቢ ይላል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማሻሸት ትጀምራላችሁ። በዚያ መሐል የሰንጢው ጫፍ የት የት እንደሚዞር አስተውሉ፤ መኪና ውስጥ ቢሆን ኖሮ አቅጣጫው ወደ አንገት፣ ወደ ሆድ ወይም አጠገብ ወዳለው ሰው ነበር።

አሁን ባለ መንጠቆውን ውሰዱ። የመንጠቆው አፍ ጠባብ ነው፤ ጨርቁን እንጂ ጣትን አያስገባም። ጠርዙን ወደ ጉሮሮው አስገብታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ከመሳብ ይልቅ ትንሽ አግድም አዘንብላችሁ በአንድ ትንፋሽ ሳቡት። አሠራሩ ከማጭድ አይለይም፤ መግፋት የለም፣ ማጠፍ የለም፣ የሚቆረጠው ወደ ራስ በመሳብ ነው። የተወጠረ ቀበቶ ጠርዙ ከተያዘ በኋላ ራሱ እየተተረተረ ይሄዳል። የላላ ቀበቶ ግን ይታጠፍና መንጠቆው ውስጥ ይሰነቀራል፤ ስለዚህ በሌላው እጅ ወጠር ማድረግ ያስፈልጋል።

አንዳንድ በርካሽ የሚሸጡ መቁረጫዎች ምላጫቸው ከቆርቆሮ የማይሻል ነው፤ ቀበቶውን አኝከው ይተዉታል። ይህ የሚታወቀው ከመግዛታችሁ በፊት ወይም እንደገዛችሁ በአሮጌ ቀበቶ ስትሞክሩት ብቻ ነው። ሙከራው ምላጩን ትንሽ ያደክመዋልና የሚቻል ከሆነ ሁለት ገዝቶ አንዱን መሞከሪያ ማድረግ ይበጃል። ምላጩ ከዛገም ይለወጣል፤ የመንዝ ጉምና ዝናብ ለብረት ወዳጅ አይደለም።

ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ የሚቆረጠው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ከትከሻ በላይ ነው፤ ሁለተኛው ከወገብ በኩል መቆለፊያው አጠገብ ነው። አንዱን ብቻ ቆርጦ ለመውጣት የሚታገል ሰው በቀረው ጨርቅ ይጠለፋል።

የማይሰበረው መስታወት

ቀበቶው ተቆርጦ በሩ ባይከፈትስ? እዚህ ላይ መስታወት የሚሰብረው ጫፍ ይመጣል። ግን ሁሉም መስታወት አንድ አይደለም።

የፊት መስታወት ሁለት መስታወቶች መሐላቸው የፕላስቲክ ሽፋን ገብቶ የተጣበቁበት ነው። አሠራሩን ያገኘው ኤዱዋር ቤኔዲክቱስ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው፤ በፈረንጆቹ 1903 ቤተ ሙከራው ውስጥ የወደቀች ብልቃጥ ተሰነጣጥቃ ሳትበታተን ስትቀር ውስጧን የለበጠውን ስስ ሽፋን አስተዋለ። ይህ ዓይነቱ መስታወት ቢደበደብም እንደ ተሰነጣጠቀ ይቀመጣል። ስለዚህ በአደጋ ጊዜ የፊት መስታወትን መደብደብ ጉልበት መጨረስ ነው።

የብዙዎቹ መኪናዎች የጎንና የኋላ መስታወት ግን በእሳት ግሎ በድንገት እንዲቀዘቅዝ የተደረገ ነው። ላዩ ተጨምቆ ውስጡ ተወጥሮ ይኖራል። በጡጫ አይሰበርም፤ በሹልና ጠንካራ ነጥብ ሲነካ ግን ያ ውጥረት በአንድ ጊዜ ይፈታና መስታወቱ በሙሉ ወደ ደቃቅ ፍሬ ይለወጣል። መመታት ያለበት መሐሉ ሳይሆን ጥጉ ነው፤ መሐሉ ይለመጣል፣ ጥጉ ግን መሄጃ የለውም።

የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር በፈረንጆቹ 2019 ስድስት መሣሪያዎችን ፈትኖ ነበር። ግማሾቹ መዶሻ መሰል ናቸው፤ ግማሾቹ ሲጫኗቸው በስፕሪንግ የሚመቱ ናቸው። ተራውን የጎን መስታወት አራቱ ሰበሩት፤ እንደ ፊት መስታወት ባለ ሁለት ሽፋን የሆነውን ግን አንዳቸውም አልበሱትም። ባለ ስፕሪንጎቹ ከመዶሻዎቹ የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። ውሃ ውስጥ መዶሻ ማወዛወዝ ስለማይቻል ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ወሬ አይደለም። ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክላለች፤ መንገዱን በኤሌክትሪክ መኪና እየሞላነው ነው። ድምፅ ለመቀነስ ሲባል የጎን መስታወታቸው ባለ ሁለት ሽፋን የሆነ አዳዲስ መኪናዎች እየበዙ ነው። የመስታወቱን ዓይነት ለማወቅ ጥጉ ላይ የታተመችውን ትንሽ ጽሑፍ ማንበብ ወይም ሻጩን መጠየቅ ነው። የጎኑ የማይሰበር ከሆነ የኋላው ይሰበር እንደሆነ ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በራቸው በኤሌክትሪክ የሚከፈትላቸውም ኃይል ሲቋረጥ የሚጎተተው ሜካኒካል እጀታ የት እንዳለ ዛሬውኑ ይፈልጉት።

ውሃ ውስጥ ለሚገባ መኪና የካናዳው ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ጎርደን ጊስብሬክት ሰው የተቀመጠበትን መኪና ውሃ ውስጥ እያሰጠሙ ባደረጉት ጥናት አጭር ቅደም ተከተል አስቀምጠዋል፤ ቀበቶ ፍታ፣ መስኮት ክፈት፣ ልጆችን አውጣ፣ ውጣ። ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ደቂቃ ማለቅ አለበት። መኪናው ገና ሲንሳፈፍ መስኮት ይወርዳል፤ ውሃው መስኮቱን ከተጫነው በኋላ ግን አይወርድም። ስልክ አንስቶ መደወል ከወጡ በኋላ ነው። በክረምት የሞላ ወንዝ ለማቋረጥ የሚደፍር ሾፌር ይህን ቅደም ተከተል በቃሉ መያዝ ይኖርበታል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ውሃው እስኪጎድል መቆም ነው።

የት ይቀመጥ?

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንላለን፤ የመቁረጫ ነገርም እንዲሁ ነው። ከክሪኩና ከጎማ መፍቻው ጋር የመሣሪያ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ መቁረጫ የሩቅ ዘመድ ነው፤ የሚደርሰው ለቀብር ነው። ጋቢና ፊት ያለው መሳቢያም አይሆንም። ታስሮ ለተቀመጠ ሾፌር ይርቀዋል፤ መኪናው ሲመታም ይጣመምና አልከፈት ይላል። የበር ኪስ ውስጥ ልቅ ሆኖ የተቀመጠ ዕቃ መኪናው ሲገለበጥ ከውሃ ፕላስቲኩና ከሳንቲሙ ጋር ይበተናል።

የሚሻለው ከሾፌሩ ወንበርና ከማርሹ መሐል ባለው ጎን ላይ በማሰሪያ ወይም በብሎን ማጥበቅ ነው። እዚያ ቀኝ እጅም፣ በጭንቅ ጊዜ ግራ እጅም ይደርሳል፤ ጋቢና የተቀመጠው ተሳፋሪም ያገኘዋል። ሁለቱም እጅ መድረሱ ቅንጦት አይደለም፤ አንዱ ክንድ ሊሰበር ይችላል። ራሱ ቀበቶው ላይ በኪስ ተሰፍቶ የሚያያዝ ዓይነትም አለ፤ ቀበቶው ባለበት ስለሚገኝ ጥሩ ነው። መሪው መሐል ወይም ዳሽቦርዱ ላይ የአየር ከረጢት ባለበት በኩል ግን ምንም ነገር አይለጠፍም፤ ከረጢቱ ሲፈነዳ ያን ዕቃ ፊት ላይ ይወረውረዋል። ልጆች ለሚጓዙበት መኪና ደግሞ የልጅ እጅ የማይደርስበት ቦታ ይመረጣል።

ቦታው ትክክል መሆኑን የሚያሳይ ፈተና አለ። መኪናው በቆመበት ቀበቶውን አስሩ፤ ጀርባችሁን ወንበሩ ላይ አስደግፉ፤ ዓይናችሁን ጨፍኑ። በቀኝ እጅ ፈልጉት፤ ከዚያ በግራ። እጃችሁ ሳይደናበር ካላገኘው ቦታውን ለውጡ። ሚስትም፣ ባልም፣ ትልልቅ ልጆችም ይሞክሩት፤ በአደጋው ቀን ንቃት ያለው ሰው ሾፌሩ ላይሆን ይችላል።

በሕዝብ መኪና ላይ ጉዳዩ ይሰፋል። ትልልቆቹ አውቶብሶች ከመስኮቱ አጠገብ የተሰካ ቀይ መዶሻ ይዘው ይመጣሉ፤ ከጊዜ በኋላ ግን መሰኪያው ባዶውን የቀረ ብዙ ነው። ቅጥቅጥ አይሱዙና ሚኒባስ ላይ ከመጀመሪያውም የለም። ለእነዚህ አንዱ ሾፌሩ ዘንድ፣ ሌላው ረዳቱ በሚቆምበት በር በኩል፣ ሦስተኛው ከኋላ ወንበር ቢሰቀል ይበቃል። ረዳቱ ደግሞ የት እንዳለ ከመነሳት በፊት ለተሳፋሪው በአንድ ቃል ቢነግር አፉ አይደክምም፤ መናኸሪያው ውስጥ ሲጣራ ያረፈደ ሰው ነው።

ሟርት ነው የሚሉ አሉ። መቁረጫ መያዝ አደጋ መጥራት የሚመስላቸው ሾፌሮች ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን እነዚሁ ሾፌሮች ትርፍ ጎማ ሳይጭኑ ከዘመሮ አይነሱም፤ ጎማ ይፈነዳል ብለው ማሟረታቸው ግን አይታያቸውም። ጸሎቱም መቁጠሪያውም በቦታቸው ናቸው፤ ምላጩም ከእነሱ ጋር አይጣላም።

ቀድሞ የሚደርሰው ገበሬ

አዲስ አበባ ላይ አደጋ ሲደርስ 939 ተደውሎ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞች ይመጣሉ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል፤ ፖሊስ በ991። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ከሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም ጀምሮ ያለ አንጋፋ ተቋም ነው፤ አምቡላንሶቹም በገጠር ይሠራሉ። ነገር ግን ከመንዝ ገደል ሥር የወደቀ መኪና ዘንድ ከማንም ቀድሞ የሚደርሰው ማሳው ላይ የነበረ ገበሬ፣ በግ የሚጠብቅ ልጅ ወይም ውሃ የምትቀዳ ሴት ናት። ደብረ ብርሃን ሐኪም ግዛው ሆስፒታልም ሆነ ዓለም ከተማ እናት ሆስፒታል የሚደርሰው ቁስለኛ በመጀመሪያ በእነዚህ ሰዎች እጅ ያልፋል።

ገበሬው ማጭድ አለው። ጓሳ ሣር ሲያጭድ፣ ገብስ ሲያጭድ የኖረ እጅ ቀበቶ መቁረጥ አያቅተውም። ማወቅ ያለበት ሦስት ነገር ነው።

የመጀመሪያው ሳይደግፉ አለመቁረጥ ነው። ተገልብጦ በቀበቶ የተንጠለጠለ ሰው ቀበቶው ሲቆረጥ በጭንቅላቱ ይወድቃል፤ ከአደጋው የተረፈ አንገት በእርዳታው ሊሰበር ይችላል። አንድ ሰው ትከሻውን፣ ሌላው ወገቡን ይደግፍ፤ ሦስተኛው ይቁረጥ።

ሁለተኛው የስለቱ አቅጣጫ ነው። የማጭዱ ጀርባ ወደ ሰውነቱ፣ ስለቱ ወደ ውጭ ሆኖ ከጨርቁ ሥር ይገባና ወደ ውጭ ይሳባል። ወደ ሰውነት የሚሳብ ስለት ቀበቶው ድንገት ሲለቅ ሥጋ ላይ ያርፋል።

ሦስተኛው አለመቸኮል ነው። እሳት ወይም ውሃ ከሌለ፣ መኪናው ወደ ገደል የሚንሸራተት ካልሆነ፣ የተጎዳውን ሰው ጎትቶ ማውጣት ግዴታ አይደለም። ሞተሩን ማጥፋት፣ ጎማውን በድንጋይ መከልከል፣ የሚደማውን በጨርቅ ተጭኖ መያዝ፣ አንገቱ እንዳይንቀሳቀስ ጭንቅላቱን መደገፍ ይቀድማል። በቃሬዛ ተሸክሞ ማውጣት የለመደ ሕዝብ ጉልበት አያንሰውም፤ የሚያንሰው ቅደም ተከተሉን የሚነግረው ሰው ነው። ይህን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ የዕድር ዳኞች ከገንዘብ መሰብሰቢያው በኋላ በአጭሩ ሊያስተምሩት ይችላሉ።

ኬላው ላይ

በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ መንገደኛው ከኬላ ወደ ኬላ እየተፈተሸ መጓዝን ለምዷል። ስለት የያዘ ሰው ጥያቄ ይበዛበታል። በወንበሩ ሥር ጩቤ ወይም ትልቅ ቢላ «ለአደጋ ጊዜ» ብሎ የሚያስቀምጥ ሾፌር ኬላው ላይ ማስረዳቱ ይከብደዋል፤ በአደጋው ጊዜም መኪናው ውስጥ የሚወረወር ስለት ይሆንበታል። መንጠቆው መቁረጫ በዚህም በኩል ይሻላል። እንደ ጩቤ የሚወጋ ጫፍ የለውም፣ ምላጩ ተቀብሯል፣ ሰው ለመውጋት አይሆንም። ተደብቆ ከመገኘት ይልቅ በግልጽ ቦታ ተሰቅሎ፣ ላዩ ላይ «የቀበቶ መቁረጫ» ተብሎ ቢጻፍበት ፈታሹም ይረዳዋል። ተሳፋሪው በኪሱ ከሚይዘው ይልቅ ከመኪናው አካል ጋር የታሰረው የተሻለ የሚሆንበትም ምክንያት ይህ ነው።

በሕግ በኩል በ2003 ዓ.ም የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 የደህንነት ቀበቶን ግዴታ አድርጎታል። የቀበቶ መቁረጫ ግን በልማድም በፍተሻም ቦታ አላገኘም። በየዓመቱ ለቦሎ የሚቀርብ መኪና ፍሬኑ፣ መብራቱና ጎማው ሲታይ የሕዝብ መኪና ከሆነ አንድ የታሰረ መቁረጫና አንድ መስታወት ሰባሪ እንዲኖረው ቢጠየቅ ለባለንብረቱ ከባድ ወጪ አይሆንም። የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎችም ተማሪው ታስሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቁልፉንና መቁረጫውን እንዲያገኝ ቢያለማምዱ ከብዙ የቃል ጥያቄ ይልቅ ይጠቅመዋል።

ምላጭ የማያድነው

እዚህ ላይ መቁረጫው የማይደርስበትን መናገር ያስፈልጋል። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም በሲዳማ ክልል ቦና አካባቢ ሰርገኞችን የጫነ አይሱዙ የጭነት መኪና ከድልድይ ገላና ወንዝ ውስጥ ወድቆ ቢያንስ 71 ሰዎች ሞተዋል። እነዚያ ሰዎች ታስረው አልቀሩም፤ የሚያስራቸውም አልነበረም። በጭነት መኪና ላይ ቆሞ የሚሄድ፣ ፖርቶመጋላ ላይ የሚቀመጥ፣ በሚኒባስ ውስጥ በሞተር ሽፋኑ ላይ የሚደረብ ሰው ምንም ዓይነት መቁረጫ አይታደገውም። ብዙዎቹ የመንዝ መኪናዎች የኋላ ወንበራቸው ቀበቶ የለውም፤ ያለውም ከወንበሩ ሥር ተቀብሮ አቧራ ለብሷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ ማሰር ከፊት የተቀመጠን ሰው የመሞት ዕድል እስከ ግማሽ ይቀንሳል፤ ከኋላ የተቀመጠንም በሩብ ያህል። ይህን የሚሠራው ምላጩ ሳይሆን ጨርቁ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይዛባ። መጀመሪያ ከወንበሩ ሥር የተቀበረው ቀበቶ ወጥቶ ይታጠብ፣ የተበጠሰው ይለወጥ፤ ትርፍ ሰው ይውረድ። ቀጥሎ ቀበቶው በመናኸሪያው በር ላይ ይታሰር፤ ትራፊክ ፖሊሱ ጋ ሳይሆን። መቁረጫው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። መቁረጫ ገዝቶ ቀበቶውን የማያስር ሾፌር ገንዘቡን አባክኗል። ቀበቶውን አስሮ መቁረጫውን ሳጥን ውስጥ የቆለፈውም ሥራውን በግማሽ ትቶታል። ሁለቱን ያሟላ ሾፌር ግን ከእንግዲህ «ታስሬ እቀራለሁ» ብሎ ቀበቶውን የሚተውበት ምክንያት የለውም፤ ጋቢና አጠገቡ የተቀመጠውንም «እሰር» ለማለት አፉ አይያዝም።